ቢጫ የሚሆን ወይም ከምድጃው የሚነሳ የጋዝ እሳትን እንዴት ማስተካከል ይቻላል

አዳማ ውስጥ በሲሊንደር ጋዝ የሚያበስል ሰው በሁለት ነገር ይቸገራል፦ ድስት በሚያጠቁር ቢጫ እሳትና በትንሽ ነፋስ በሚጠፋ ሰማያዊ እሳት። ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ሬጉሌተር ይቀይራል፣ ወይም ጋዙ ተረጭቶ የሚወጣበትን የኖዝሉን ቀዳዳ በመርፌ ያሰፋል። ኖዝሉን ፈጽሞ አያስፉት። ቀዳዳው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ በጥቂቱ ሲሰፋ እንኳ ጋዙ በዝቶ ቢጫነቱ ይብሳል። አብዛኛውን ጊዜ መስተካከል ያለበት አየሩ ነው።

ሲሊንደሩ የያዘው ፕሮፔንና ቡቴን ነው። አንድ ሊትር የፕሮፔን ጋዝ ጨርሶ ለመንደድ 24 ሊትር ገደማ አየር ይፈልጋል፣ ቡቴን ደግሞ 31። ከፊሉ አየር ኖዝሉ አጠገብ ባለው ክፍተት ይሳባል፤ የቀረውን እሳቱ ከዙሪያው ይወስዳል። በደንብ በተደባለቀ ጋዝና አየር ውስጥ እሳት የሚጓዘው በሰከንድ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ድብልቁ ወደ ላይ ሲፈስ እሳቱ ደግሞ ወደ ታች ሊወርድበት ይሞክራል፤ በየቀዳዳው ላይ የሚታየው ትንሽ ሰማያዊ ሾጣጣ ሁለቱ የተመጣጠኑበት ድንበር ነው። ፍሰቱ ሲያይል እሳቱ ከቀዳዳው ይነሳል፣ ይንሳፈፋል፣ ይጠፋል። ፍሰቱ ሲደክም ግን እሳቱ ድብልቁን ወደሚያመጣው ቱቦ ገብቶ ኖዝሉ ላይ እያፏጨ ይነድዳል። ይህ ከገጠመዎት ወዲያውኑ ዝጉትና ምድጃው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ።

ሥራውን የሚጀምሩት የጋዝ ፍሳሽ በመፈተሽ ነው። ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጠው በሬጉሌተሩ፣ በጎማውና በማሰሪያዎቹ ላይ ይቀቡ፤ አረፋ ከነፋ ጋዝ እየወጣ ነው። በክብሪት መፈተሽ ክልክል ነው። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ፣ ቡቴን ሁለት ጊዜ ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ከአየሩ 2 በመቶ ገደማ ሲደርስም ሊቀጣጠል ይችላል። ሽታ ካለ ሲሊንደሩን ዘግተው በርና መስኮት ይክፈቱ፤ መብራት አያብሩ፣ አያጥፉም።

ቀጥሎ የእሳት መውጫውን ክዳን አንስተው በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠቡ። የተደፈኑትን ቀዳዳዎች በጥርስ ብሩሽና በቀጭን እንጨት ይክፈቱ። ወጥ የገነፈለበት ምድጃ ግማሹ ቀዳዳ ሲደፈን በቀሪው የሚወጣው ድብልቅ ይፈጥናል፤ እሳቱ በአንድ ወገን ብቻ የሚነሳው በዚህ ነው። የቱቦውን አፍም ይመልከቱ፤ ሸረሪት ድር ካደራበት አየሩ ይታፈናል። ሳይደርቅ መልሰው አይግጠሙ።

አሁን ወደ አየሩ። ብዙ ምድጃዎች ከሥር፣ ቱቦው ከኖዝሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ የሚዞር ቀለበት ወይም ተንሸራታች ቆርቆሮ አላቸው።

1. እሳቱን በሙሉ ኃይል ለአምስት ደቂቃ ያንድዱ። ቀዝቃዛ ብረት የእሳቱን ሥር ስለሚያበርድ ያለጊዜው የተደረገ ማስተካከያ ያሳስታል።
2. ምድጃውን አጥፍተው፣ እጅዎን በደረቅ ወፍራም ጨርቅ ጠብቀው ቀለበቱን ጥቂት ይክፈቱና መልሰው ያቀጣጥሉ። የቢጫው ጫፍ እስኪጠፋ ይህን ይደጋግሙ።
3. እሳቱ መንሳፈፍ ሲጀምር ትንሽ ይመልሱ። ሾጣጣው ጥርት ያለ፣ ሥሩም ቀዳዳው ላይ የተቀመጠ መሆን አለበት።
4. ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ በፍጥነት ያውርዱት። ወደ ውስጥ ከገባ አየሩ በዝቷል፤ በጥቂቱ ይዝጉ።

አራተኛውን አይዝለሉት። በሞቀ ምድጃ ውስጥ ድብልቁ ቀድሞ ስለሚሞቅ እሳቱ ፈጥኖ ይጓዛል፤ ገና ሲቀጣጠል ደህና የነበረው በኋላ ወደ ቱቦው የሚገባው ለዚህ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ በእያንዳንዱ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ የወጥ ቤቱ መስኮት ክፍት መሆኑ እዚህ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሰማያዊ እሳት አግኝተውም ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ካለ ድስቱን ይመልከቱ። የሾጣጣው ጫፍ ቀዝቃዛ ብረት ከነካ እሳቱ እዚያው ይበርዳል፤ ለብረት እጅግ በተጠጋው ስስ ሽፋን ውስጥ እሳት መቆም አይችልም። ያልጨረሰው ጋዝም በግማሽ ተቃጥሎ ሽታ የሌለውን መርዛማ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ እንዲሁም ፎርማልዴሃይድን የመሳሰሉ የሚኮመጥጥ ሽታ ያላቸው ነገሮችን ያወጣል። ፕሮፔንና ቡቴን ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ ባነሰ ሙቀት እንኳ ከኦክስጅን ጋር ቀስ ብለው መዋሐድ ይችላሉ፤ መጀመሪያ ፐርኦክሳይድ የሚባሉ ኦክስጅን የበዛባቸው ውሕዶች፣ ከዚያም ፎርማልዴሃይድ የሚመደብበት የአልዴሃይድ ወገን ይወለዳል።   

ስለዚህ የድስት ማስቀመጫው እግር ከጎበጠ ያቅኑት ወይም ይቀይሩት፤ በሾጣጣው ጫፍና በድስቱ መካከል ክፍተት መታየት አለበት። ሽታው ከራስ ምታት ጋር ከመጣ ማብሰሉን አቁመው ከቤት ይውጡ።

ለነፋሱ ደግሞ፣ ዙሪያዋ የነፋስ ተርባይን በተተከለባት ከተማ፣ መከለያ ያስፈልጋል። ቆርቆሮውን ነፋሱ በሚመጣበት አንድ ወገን ብቻ ያቁሙ። ምድጃውን ዙሪያውን ማጠር እሳቱን አየር ያሳጣዋል፤ ሲሊንደሩን ከመከለያው ውስጥ ማስገባትማ ያሞቀዋል፣ ይህም አደጋ ነው። ነፋስ እሳቱን ካጠፋው መጀመሪያ ጋዙን ይዝጉ፣ የወጣው እስኪበተን ይጠብቁ፣ ከዚያ ያቀጣጥሉ።

ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል እሳቱ ቢጫ ቢልም ወዲያው ቀለበቱን አይንኩ። ፕሮፔን በ42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ስለሚፈላ ቀድሞ ይወጣል፤ መጨረሻ ላይ የሚበዛው ብዙ አየር የሚፈልገው ቡቴን ነው። አዲስ ሲሊንደር ገጥመው ቢጫነቱ ከቀጠለ ብቻ ከላይ ያለውን ማስተካከያ ይድገሙ።