አዳማ ላይ አዲስ መኪና ስትገዙ የተጫነባችሁን ትርፍ እንዴት አውቃችሁ ታስቀንሳላችሁ

መኪና ሊገዛ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ነው" ብሎ ነው፣ ሻጩ ደግሞ ፊቱን፣ ጫማውን እና አብሮት የመጣውን ደላላ አይቶ ይመልስለታል። አንድ አይነት ሲጋል (የቻይናው ቢዋይዲ የሚሰራት ትንሿ የኤሌክትሪክ መኪና)፣ አንድ አይነት ከለር፣ ሁለቱም ዜሮ ዜሮ፣ ግን አንዱ ሾውሩም የጠራላችሁን ዋጋ ይዛችሁ አስፋልት ተሻግራችሁ ሌላው ጋር ስትገቡ ልዩነቱ ባጃጅ ይገዛል። ዋጋ ስላልተለጠፈ ነው እንዲህ የሚሆነው።

አሜሪካን ሀገር አዲስ መኪና መስታወቱ ላይ አምራቹ የመከረው ዋጋ ተለጥፎበት ነው የሚቆመው፣ በነሱ አቆጣጠር በ1958 የወጣ ህግ ነው ያስገደደው። ሻጩ ግን ከዛ በላይ መሸጥ አይከለከልም፣ ምክር ነው ተብሏላ። በ2021 እና በ2022 የቺፕ እጥረት ጊዜ ተፈላጊ መኪኖች ላይ በሺዎች ዶላር ሲጨምሩ ነበር፣ ገዢው ግን ቢያንስ ስንት እንደጨመሩበት ወረቀቱ ላይ ያየዋል። እኛ ጋር ወረቀቱም የለም። ስለዚህ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ራሳችሁ ሰርታችሁት ነው መግባት ያለባችሁ።

1. የራሳችሁን የዋጋ ወረቀት ስሩ

ይሄ ዋናው ነው፣ ሌላውን ብትዘሉ እንኳን ይሄን አትዝለሉ።

መጀመሪያ ዋጋው ለምን እንደወጣ ለይታችሁ እወቁ። ጥር 2016 ላይ መንግስት ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ ሲከለክል ፈላጊው ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ ዞረ፣ ሀገር ውስጥ ያሉት ቪትዝና ያሪስም አብረው ተሰቀሉ። ከዛ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። እነዚህ እውነተኛ ወጪ ናቸው፣ ሻጩን አትውቀሱት። የምትከራከሩት ከዛ በላይ፣ መኪናዋ ስለተፈለገች ብቻ የተጫነው ላይ ነው።

አሰራሩ እንዲህ ነው። የመኪናዋን የውጭ ዋጋ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። ለምሳሌ የቢዋይዲ ሲጋል በ2023 በነሱ አቆጣጠር ቻይና ውስጥ ገበያ ላይ ስትወጣ መነሻዋ 73,800 ዩዋን ነበር፣ ያኔ 10 ሺህ ዶላር አለፍ የሚል ነው። ይሄ ግን የሀገር ውስጥ ዋጋቸው ስለሆነ እንዳለ አትውሰዱት፣ ለኤክስፖርት የሚጠራው ይለያል፣ ላዩ ላይ የመርከብና የኢንሹራንስ ይጨመርበታል። በአጠቃላይ ጅቡቲ እስክትደርስ ስንት ትሆናለች የሚለውን ነው የምትፈልጉት።

እንበልና አንድ መኪና ጅቡቲ ስትደርስ 15,000 ዶላር ሆነች፣ ዶላሩን ደግሞ ለሂሳቡ እንዲቀል በ150 ያዙት (እናንተ የዕለቱን የባንክ ዋጋ አስገቡበት)። 2,250,000 ብር። ተገጣጥሞ ያለቀለት የኤሌክትሪክ መኪና የጉምሩክ ቀረጡ 15% ነው ተብሎ ነው በ2014 የወጣው፣ ስለዚህ 337,500 ጨምሩ። በግማሽ ተበትኖ የሚገባ 5%፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠም ደግሞ ዜሮ፣ ስለዚህ "እዚሁ የተገጣጠመ ነው" ካላችሁ በየትኛው እንደገባ ጠይቁና ቀረጡን ወይ ወደ 5% አውርዱት ወይ ከሂሳቡ አውጡት! ቫት፣ ኤክሳይዝና ሱር ታክስ ያኔ ተነስቶ ነበር፣ መመሪያው ግን እየተሻሻለ ስለሚሄድ የሰሞኑን አንድ ትራንዚተር (ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣ ሰው) ጠይቁ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ እኮ አፍንጫችን ስር ነው፣ እዛ የሚሰራ ሰው የማያውቅ አዳሜ አለ ብዬ አላስብም።

ለማጓጓዣ፣ ለወደብ፣ ለትራንዚትና ምናምን 150,000 ያዙ። ድምሩ 2,737,500 መጣ። የሻጩን ትርፍ 10% አስቡለት፣ ሰውየው ኪራይና ሰራተኛ አለበት፣ 3,011,250። እንግዲህ ይሄ ነው ወረቀታችሁ። ሻጩ 3,600,000 ካላችሁ ወደ 590 ሺህ ብሩ ስም የሌለው ጭማሪ ነው ማለት ነው።

"ዶላሩን ከባንክ አላገኘሁም" ሊላችሁ ይችላል፣ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። እሱ ባለው ምንዛሪ ሂሳቡን ሁለተኛ ጊዜ ስሩት። በሁለቱ መሃል ያለው ክፍተት የመደራደሪያ ሜዳችሁ ነው፣ ከላይኛውም ካለፈ ግን በቃ ሌላ ቦታ ሂዱ።

2. ሻንሲ ቁጥሩን አንብቡ

ከፊት መስታወቱ ስር በሾፌሩ በኩል ከውጪ የሚታይ 17 ፊደልና ቁጥር አለ። ቻይና የተሰራ በኤል ይጀምራል። ከግራ ወደ ቀኝ ቁጠሩና 10ኛው ላይ ቁሙ፣ የሞዴሉን አመት የሚነግራችሁ እሱ ነው፦ ኤን 2022፣ ፒ 2023፣ አር 2024፣ ኤስ 2025 (ሁሉም በፈረንጅ)። "አሁን የገባች ናት" የተባለች መኪና 10ኛዋ ላይ ፒ ካለባት የ2023 ናት፣ ከዛ ወዲህ የሆነ ቦታ ቆማ ነበር ማለት ነው፣ ኪሎ ሜትሯ ዜሮ ቢሆንም። የኤሌክትሪክ መኪና ሲቆም ባትሪው ስለሚያረጅ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፣ አምራቹም በዛ መሃል ዋጋ ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ፎቶ አንሱት፣ በኋላ ዲክላራሲዮኑ (መኪናዋ ስትገባ የተሰራው የጉምሩክ ወረቀት) እና ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ታመሳክሩታላችሁ።

3. ፕሮፎርማ ሰብስቡ

በቃል የተጠራ ዋጋ ዋጋ አይደለም። ማህተም ያለበት፣ እስከ መቼ እንደሚጸና ቀን የተጻፈበት ፕሮፎርማ (ሻጩ ዋጋውን ጽፎ የሚሰጣችሁ ወረቀት) ቢያንስ ከሶስት ቦታ ውሰዱ፣ አንዱ የግድ አዲስ አበባ ይሁን። በፈጣን መንገዱ ሄዶ መምጣት ከግማሽ ቀን አያልፍም፣ ደርሳችሁ መጥታችሁ የምታተርፉት ብር ካለ ደግሞ ድካሙ አይሰማም። አዳማ ያለውን ሻጭ ደግሞ "አንተ ነህ ያስመጣኸው ወይስ ከአስመጪ ወስደህ ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። ወስዶ ከሆነ የሁለት ሰው ትርፍ ነው የምትከፍሉት። ዲክላራሲዮኑ ላይ የአስመጪው ስም ስላለ ቢዋሽም ይታወቃል።

በደላላ በኩል ከሆነ ኮሚሽኑ ከማን እንደሚወጣና ስንት እንደሆነ መኪናዋን ከማየታችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ ዋጋውን ደግሞ ከባለንብረቱ አፍ ስሙት። አንዳንዱ ደላላ ከኮሚሽኑ ሌላ ባለቤቱ ያለው ላይ የራሱን ጭኖ ነው የሚነግራችሁ።

4. ስታወሩ

መኪናዋን ወደዳችኋት? ፊታችሁ ላይ አታሳዩ። ልጆችን ይዛችሁ አትሂዱ፣ ልጅ "አባዬ ይቺን!" ካለ በኋላ ድርድር የሚባል ነገር የለም።

ንግግሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሄደው፦

"ጋሼ፣ ይቺን እኮ ጠዋት አንድ ሰውዬ ይዟታል፣ ለእርስዎ ብዬ ነው።"

"እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ሰውዬው ከያዛትማ ይውሰዳት። እኔ በሂሳቤ ሶስት ሚሊዮን አስር ሺህ ትመጣለች፣ የናንተ ሶስት ነጥብ ስድስት ነው። መሃሉ ላይ ያለው ምንድነው?"

"ጋሼ ገበያው ነው።"

"ገበያው እሺ፣ ዝርዝሩን ጻፍልኝ።"

ዝርዝር ሲጻፍ አብዛኛው ጭማሪ ስም ይወጣለታል፦ ምንጣፍ፣ ላሚኔሽን፣ ካሜራ፣ የወንበር ልብስ፣ "ፓኬጅ"። ያኔ አንድ በአንድ "ይሄን አልፈልግም" ማለት ይቻላል። ላሚኔሽኑን ውጪ ብታሰሩት ስንት እንደሆነ ደውላችሁ እዛው ፊቱ ላይ ጠይቁ። ስም ያልወጣለት ቀሪው ነው እንግዲህ ንጹህ ጭማሪው፣ እሱ ላይ ቁጥራችሁን ተናግራችሁ ዝም በሉ። ብዙ ሰው ዝምታው ስለሚጨንቀው ራሱ ይጨምራል፣ ይሄን አታድርጉ።

በነገራችን ላይ አንዳንዴ ጭማሪውን መክፈል ያዋጣል። መኪናውን ለስራ የምትፈልጉት ከሆነና ሌላው ጋር ሶስት ወር ጠብቁ ካሏችሁ በሶስት ወር የምታጡትን ገቢ አስሉት። አውቆ መክፈል ሌላ ነገር ነው።

5. ቀብድና ውል

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚበላው፣ ዋጋው ተስማምቶ ቀብድ ከከፈለ በኋላ መኪናው ሲመጣ "ጨምሯል" ይባላል። በፍትሐ ብሔር ህጋችን አንቀጽ 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወው ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ከተወው ግን እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ የከፈላችሁት ብር ውሉ ላይ "ቀብድ" ተብሎ መጻፉን እዩ፣ "ቅድሚያ ክፍያ" ብቻ ከተባለ እጥፉን መጠየቅ ያከራክራችኋል።

ከዛ "ዋጋው በወቅቱ የምንዛሪ ሁኔታ ሊስተካከል ይችላል" የሚል መስመር ፈልጉ። ካለ አስወጡት፣ እምቢ ካሉ ጣሪያ አስቀምጡበት፣ ለምሳሌ ከዚህ ፐርሰንት በላይ ከጨመረ ገዢው ብሩን ሙሉ ተቀብሎ ይወጣል ተብሎ ይጻፍ። የሻንሲ ቁጥር፣ የርክክብ ቀን፣ ቢዘገይ ምን እንደሚከፍሉ፣ ሁሉም ይግባ።

6. ክፍያ

ሙሉው ብር ደረሰኙ ላይ ስሙ ወደተጻፈው ድርጅት አካውንት ብቻ ይግባ። "ግማሹን በዚህኛው አስገባልኝ" ብለው የግለሰብ አካውንት ከሰጧችሁና ደረሰኙ ዝቅ ብሎ ከተቆረጠ ነገ ክርክር ቢመጣ በወረቀት የምታስረዱት ደረሰኙ ላይ ያለውን ብቻ ነው። የመኪና ዋጋ ጣሪያ የለውም፣ ስለዚህ አስወድዶ መሸጡ ብቻውን አያስከስሰውም፣ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ግን ዋጋ መለጠፍም ደረሰኝ መስጠትም የነጋዴው ግዴታ ነው። ደረሰኝ ከከለከሏችሁ የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አመልክቱ፣ አንዳንዴ እንደምትሄዱ መናገሩ ብቻ ይበቃል።

7. ርክክብ

ቁልፍ ስትቀበሉ ሁለተኛውንም ተቀበሉ። የቻርጀር ገመዱ አብሮ ነው ወይስ "ለብቻው ይሸጣል" የሚባለው ቀድሞ ካልተጻፈ ሌላ ብር ነው። ሶኬቱንም እዩት፣ የቻይና ገበያ መኪኖች የቻርጅ ቀዳዳቸው ከአውሮፓው ይለያል፣ ገመዱን እዛው ሾውሩም ውስጥ ሰክታችሁ ባትሪው መሙላት መጀመሩን ስክሪኑ ላይ ሳታዩ የርክክብ ወረቀት ላይ አትፈርሙ።