በሰፈር ላይብረሪ ኢንተርኔት ስታስጠቅሙ ደንቡን እንዴት ታወጡታላችሁ

ሰፈራቸው ላይብረሪ ውስጥ ኢንተርኔት ሊያስጀምሩ ያሉ ልጆች የእናንተን ደንብ ላኩልን ብለውኝ ነበር፣ ደንቡን ብቻ ብልክ ለምን እንደዛ እንደሆነ ስለማይገባቸው ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። እኛ ጋ ያለው አራት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ዋይፋይ ነው፣ ተጠቃሚው ደግሞ ከሰባተኛ ክፍል ተማሪ እስከ ጡረታ የወጡ አባቶች ድረስ ነው።

መጀመሪያ ያወጣነው ደንብ ሁለት ገጽ ሙሉ "ክልክል ነው" የሚል ነበር፣ ግድግዳ ላይ ለጥፈነው ማንም ቆሞ ሲያነበው አላየሁም። ያስቀየረን አንድ ማታ ነው። ልንዘጋ ስንል አንዱን ኮምፒውተር ላጠፋ ቁጭ ብዬ ዳውንሎድስ ፎልደሩን ብከፍተው የአንዲት ልጅ ፓስፖርት ስካን ተደርጎ እዛው አለ፣ ፎቶዋ፣ የተወለደችበት ቀን፣ የፓስፖርት ቁጥሯ፣ ከስሩ ደግሞ የሜዲካል ወረቀቷ። ጠዋት ለአረብ አገር ጉዞ ፎርም ስትሞላ የነበረች ልጅ ናት። መዝገቡን ሳየው ከሷ በኋላ እዛው ወንበር ላይ ስድስት ሰው ተቀምጧል። በጣም ደነገጥኩ፣ ጥፋቱ የሷ አይደለማ፣ ስትወጪ ይሄን አጥፊ ያላት ሰው የለም።

ስለዚህ ደንባችሁን ከመውጫው ጀምሩት። ሰው ከወንበሩ ከመነሳቱ በፊት የገባበትን አካውንት ሎግ አውት ያድርግ (ኤክስ ተጭኖ መዝጋት ሎግ አውት አይደለም፣ ይሄን ደጋግማችሁ ንገሩ)፣ ያወረደውን ፋይል ሺፍት ይዞ ዲሊት ይበለው፣ ፕሪንተሩ ላይ የቀረ ወረቀት ካለ ይውሰድ። ይሄን በትልቁ ጽፋችሁ እያንዳንዱ ስክሪን ስር ለጥፉት፣ ግድግዳ ላይ አይደለም። ሲገባ ደግሞ ክሮም ላይ ኮንትሮል ሺፍት ኤን ተጭኖ በኢንኮግኒቶ (ሂስትሪ በማያስቀምጠው መስኮት) ይክፈት፣ ብሮውዘሩ "ፓስወርድ ሴቭ ላድርግ?" ካለው እምቢ ይበል። ብዙ ሰው ኢንኮግኒቶ ከሆነ ሁሉም ነገር ይጠፋል ብሎ ያስባል፣ ሂስትሪው ይጠፋል እንጂ ዳውንሎድ የተደረገ ፋይል እዛው ነው የሚቀረው። ቴሌግራም በኮምፒውተር ከፍቶ ሳይዘጋ የሄደ ሰው ካለ ስልኩ ላይ ሴቲንግ ገብቶ ዲቫይስ የሚለው ውስጥ ከዛ ኮምፒውተር ማስወጣት ይችላል፣ ይሄን ስታሳዩዋቸው ሰዎች ፊታቸው ላይ የሚታየው እፎይታ ልዩ ነው።

ሁለተኛው ትልቁ ነገር ፓስወርድ ነው። እኛ ጋ የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ፓስወርዳቸውን በብጫቂ ወረቀት ጽፈው ይዘው "አንተው ግባልኝ ልጄ" ይላሉ። እዚህ ላይ ጨክኑ። "ጋሼ እርስዎ ይጻፉት፣ እኔ ፊደሉን ላሳይዎትና ዞር እላለሁ" በሏቸው፣ አንድ ፊደል ለመፈለግ ደቂቃ ቢፈጅባቸውም ጠብቋቸው፣ ወረቀቷን ኪሳቸው ሲከቱ አይታችሁ ሸኟቸው። ስልክ ላይ የሚመጣ ኮድም እንደዛው፣ ጮክ ብለው እንዳያነቡት፣ የቴሌብር ፒን ደግሞ በፍጹም እዛ ኮምፒውተር ላይ አይጻፍ። ሰራተኛው ጥሩ ሰው ስለሆነ አይደለም ጉዳዩ፣ ነገ አንድ ብር ከጎደለ ሁለቱም ይጎዳሉ፣ እሳቸውም እሱም።

ዲቪ ሲመጣ ይሄ ነገር ይብሳል። የሚሞላላቸው ሰው የራሱን ኢሜይል አስገብቶ፣ የማረጋገጫ ቁጥሩን ራሱ ጋ አስቀርቶ፣ እጣው ሲወጣ ገንዘብ የጠየቃቸው ሰዎች እኛው ሰፈር አሉ። ስለዚህ ደንባችን ላይ አለ፣ ኢሜይሉ የባለቤቱ ይሁን፣ ቁጥሩ ፕሪንት ተደርጎ ለባለቤቱ ይሰጥ፣ ላይብረሪው ጋ ኮፒ አይቀመጥ። ፎቶው 600 በ600 ፒክስል ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ መሆን ስላለበት አስቀድማችሁ ማስተካከያውን ተለማመዱ፣ አንድ ሰው ሁለቴ ከሞላ ደግሞ ውድቅ ስለሚሆን "ባለፈው ሳምንት ሌላ ቦታ ሞልተሻል ወይ?" ብሎ መጠየቅ አይከፋም።

ሰዓት እኛ ጋ 30 ደቂቃ ነው፣ ወረፋ ከሌለ ይቀጥላል፣ የስራ ማመልከቻና የፓስፖርት ፎርም ለሚሞላ ግን ቢኖርም አንድ ሰዓት እንሰጣለን፣ ምክንያቱም በ30 ደቂቃ ግማሽ ላይ ተቋርጦ እንደገና ከዜሮ መጀመር በጣም ያናድዳል። መብራት ከጠፋ የጠፋው ደቂቃ ይመለስለታል። መዝገቡ ላይ ስምና የገባበት ሰዓት ብቻ ጻፉ፣ ስልክ ቁጥር፣ ምን እንዳየ ምናምን አትጻፉ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል እኮ፣ የማትፈልጉትን መረጃ መሰብሰብ ራሱ ጣጣ ነው።

ዳታው እንዳያልቅ ፊልም ማውረድ አይቻልም በሉ፣ ግን መከልከል ብቻውን አይሰራም። ዊንዶውሱ ላይ ኔትወርኩን ሜትርድ አድርጉት (ዳታው የተወሰነ ነው ብሎ አፕዴት እንዲቆጥብ የሚያደርግ ሴቲንግ ነው)፣ እኛ ጋ ተማሪ ላይ ስንቆጣ ከርመን ዳታውን ግማሹን የሚበላው የዊንዶውስ አፕዴት ሆኖ ተገኘ። ለተማሪዎች ደግሞ ኪዊክስ የሚባለውን ያለ ኢንተርኔት ማንበቢያ ፕሮግራም ጭናችሁ ዊኪፔዲያን አንዴ አውርዱላቸው፣ ኮሊብሪ በሚባለው የትምህርት ፕሮግራም ላይም የካን አካዳሚ ትምህርቶች አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታሉ። ኔትወርክ በጠፋ ቀን እንኳን አራቱም ወንበር ይሞላል።

ፍላሽ መጀመሪያ ለሰራተኛው ተሰጥቶ ስካን ይደረግ፣ ፋይሉን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ከአንዱ ፍላሽ ወደ አራቱም ኮምፒውተር ለመግባት አንድ ከሰዓት ይበቃዋል። ድምጽ በኢርፎን። ምግብ የለም።

የወሲብ ቪዲዮና ቤቲንግ አይከፈትም፣ ይሄ ላይ ድርድር የለንም፣ ልጆች አጠገብ ተቀምጠው ነው የሚያጠኑት። ግን አስከባሪው ሰው ጀርባ ላይ ቆሞ ስክሪን አያንብብ፣ የሀኪም ውጤቷን የምታነብ ሴት ልትኖር ትችላለች። ኮምፒውተሮቹን ስታስቀምጡ ስክሪኑ ለተቀማጩ ብቻ ሳይሆን ከሩቅ በግርድፉ እንዲታይ፣ ጽሁፉ ግን እንዳይነበብ አድርጉ፣ እኛ ወንበሮቹን ሦስቴ ቀያይረን ነው ያገኘነው። ደንብ የጣሰ ሰው ካለም ሰው ፊት አትጩሁበት፣ ጠጋ ብላችሁ ቀስ ብላችሁ ንገሩት፣ ሁለተኛ ከደገመ የዛን ቀን ይቁም፣ ሦስተኛ ከሆነ ኃላፊው ያነጋግረው። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ቤቲንግ ሲከፍት ሰው ፊት ተሰድቦ ዓመት ሙሉ ሳይመጣ ቀርቷል፣ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ልትዘጉ 15 ደቂቃ ሲቀር ተናገሩ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ እያንዳንዱን ኮምፒውተር ክፈቱና ዳውንሎድስ፣ ዴስክቶፕ፣ ሪሳይክል ቢን እዩ፣ የተገኘውን ሳትከፍቱ አጥፉ፣ ከዛ ነው መብራቱ የሚጠፋው።