የሳሙኤል ባክን ሥዕሎች ከሣጥን ስታወጡ

ሣጥኑ እንደ ደረሰ አትክፈቱት። እኔ ቸኩዬ ስለማውቅ ነው ይህን የምለው። እዚህ አሜሪካ በአንዲት ትንሽ ጋለሪ ውስጥ ሥዕል የምሰቅል አናጺ ነኝ፤ ተጓዥ ዐውደ ርእይ ሲመጣ ከሹፌሩ የምረከበው እኔ ነኝ። በልጅነቱ ከናዚዎች ጭፍጨፋ የተረፈው አይሁዳዊ ሠዓሊ የሳሙኤል ባክ ሥዕሎችም እንዲሁ በሣጥን ይመጡልናል። መኪናው ውስጥ ብርድ፣ አዳራሹ ውስጥ ሙቀት ከሆነ ሸራውም የተወጠረበት እንጨትም ይደነግጣል። ሣጥኑ እንደታሸገ 24 ሰዓት ይደር። አለቃችሁ ቢያጉረመርምም ይደር።

ብሎኖቹን በትራፓኖ ሳይሆን በካቻቢቴ ፍቱ። ሥዕሉ አጠገብ ንዝረት አይወደድም። የየሣጥኑን ብሎን በየራሱ ኩባያ አኑሩ። ስፖንጁ እንዴት እንደተቀመጠም በስልካችሁ አንሱ፤ ወደ ቀጣዩ ከተማ የሚሄደው በዚያው ሣጥን ነው።

ከዚያ ኮንዲሽን ሪፖርቱ ይመጣል። ያለፈው ጋለሪ ያየውን ጭረትና ስንጥቅ የጻፈበት ወረቀት ነው፤ እናንተም ሥዕሉን እያያችሁ ታመሳክራላችሁ። ከሌላ ሠዓሊ ጋር ቀላል ነው። ከባክ ጋር ግን ጣጣ አለው፤ ሰውዬው የሚስለው የተሰበረ ነገር ነዋ! የተሰነጠቀ ፒር የሚባል ፍሬ፣ የተሸረፈ የቼዝ ጠጠር፣ ተቀዶ በምስማር የተያዘ ወረቀት። መጀመሪያ የመጡልን ጊዜ አንዱ ሥዕል መሀሉ ላይ ተሰንጥቆ አየሁና ሥዕሎቹን ላዋሰን ሰው በእኩለ ሌሊት ደወልኩ። ሰውዬው እስኪበቃው ሳቀብኝ። ስንጥቁ በብሩሽ የተሠራ ነበር።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። መብራት አጠፋለሁ። የእጅ ባትሪ ከጎን አስጠግቼ አበራለሁ፤ ቀስ እያልኩ ከግራ ወደ ቀኝ አዞረዋለሁ። እውነተኛ ስንጥቅ ከሆነ ጥላው ከባትሪው ጋር ይንቀሳቀሳል። የተሳለ ስንጥቅ ጥላው ባለበት ይቆያል። እጃችሁ ግን አይንካው፣ በጓንትም ቢሆን።

ስትሰቅሉ የሥዕሉን መሀል ከወለል 150 ሳንቲ ሜትር ግድም አድርጉ፤ ውሃ ልክ አትርሱ። ለዘይት ቀለም መብራቱ ከ200 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አይለፍ፤ ወረቀት ላይ ለተሠራው 50 ይበቃል። ጨለመ የሚል ሰው አይጠፋም፤ ትንሽ ሲቆይ ዓይኑ ይለምደዋል።

ከቦታ ቦታ የማዟዙረው አንድ ሥዕል አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1943 በዋርሶ ጌቶ፣ ናዚዎች አይሁዶችን አጉረው በያዙበት ሰፈር፣ ፎቶ የተነሳው፣ እጁን ወደ ላይ የዘረጋው ልጅ። ባክ ደጋግሞ ስሎታል፤ አንዳንዴ ከሳንቃ የተገጣጠመ፣ አንዳንዴ ከድንጋይ የተጠረበ ይመስላል። እሱን በር ፊት አትስቀሉት። ሰው ኮቱን ሳያወልቅ ሊያየው አይገባም። ወደ ውስጥ ገባ አድርጉትና ፊት ለፊቱ አግዳሚ ወንበር አኑሩ። መክፈቻ ቀን የወይን ጠረጴዛ እዚያ የሚዘረጋ ሰው ካለ ተጣሉት፤ እኔ ተጣልቻለሁ።

ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ አጭር ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1933 ቪልና፣ የዛሬዋ የሊትዌኒያ ዋና ከተማ ቪልኒየስ፣ ተወለደ። በከተማዋ ጌቶ ውስጥ ሥዕሎቹን ለሕዝብ ያሳየው ገና በ9 ዓመቱ ነው። ከቤተሰቡ ከጦርነቱ የተረፉት እሱና እናቱ ብቻ ናቸው፤ አባቱ ከተማዋ ከናዚዎች ነፃ ልትወጣ ቀናት ሲቀሯት ተረሸነ። ልጁን ከጉልበት ሥራ ካምፑ ያስወጣው ይኸው አባት ነበር፤ ሰጋቱራ በተሞላ ጆንያ ውስጥ ደብቆ።

እኔ ድሮ የጎደለ መደርደሪያ ካለ አዳራሹ ውስጥ እቆርጥ ነበር፤ መክፈቻው ሰዓታት ሲቀሩትም ቢሆን። ያን ጽሑፍ ከለጠፍኩ ወዲህ ውጭ ነው የምቆርጠው። ጫማዬን አራግፌ እገባለሁ፤ ወለሉንም ሁለቴ እጠርጋለሁ።