ስፖኪዮዎ የራስዎን በር ነው የሚያሳየው?

የጎን ስፖኪዮ ግማሹን የራስዎን መኪና የሚያሳይ ከሆነ በደንብ አልተስተካከለም። የኋላ በርዎ የትም አይሄድም፤ መታየት ያለበት ከጎን ሊቀድም የሚመጣው ሚኒባስና ባጃጅ ነው።

መጀመሪያ መቀመጫው ይስተካከል። ፍሪሲዮኑን (አውቶማቲክ ከሆነ ፍሬኑን) እስከ ታች ሲረግጡ ጉልበትዎ ትንሽ መታጠፍ አለበት። ጀርባዎ ከመደገፊያው ሳይነሳም የእጅዎ አንጓ የመሪው አናት ላይ ይድረስ። መቀመጫው በኋላ ከተነካ የዓይንዎ ቦታ ስለሚለወጥ ስፖኪዮዎቹም እንደገና ይስተካከላሉ።

የውስጡን ስፖኪዮ ጠርዙን ይዘው ያዙሩት፤ ፊቱን ከነኩት የጣት ቅባቱ ማታ የመኪና መብራት ያደበዝዝብዎታል። ጭንቅላትዎን ሳያንቀሳቅሱ የኋላው መስታወት በሙሉ ይታይዎት። ከሥሩ ያለችው ምላስ ከኋላ የሚመጣ ረጅም መብራት ዓይን እንዳይወጋ የምትሳብ ናት፤ ሲያስተካክሉ በቀኑ ቦታ ላይ ትሁን።

አሁን የጎኖቹ። ለግራው ጭንቅላትዎን ወደ በሩ መስታወት ያስጠጉና የመኪናዎ ጎን በስፖኪዮው የውስጥ ጠርዝ ላይ ለጥቂት ብቻ እስኪታይ ወደ ውጭ ይክፈቱት። ለቀኙ ደግሞ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል ጋደል ብለው ያንኑ ይድገሙ። ወደ ላይና ወደ ታች ሲያስተካክሉ ሰማይና ምድር የሚገናኙበት መስመር መሃል ላይ ይዋል። ቀና ብለው ሲቀመጡ የራስዎ መኪና ጨርሶ አይታይም። ለጥቂት ቀን ግር ይላል፤ ግን መልሰው አይዝጉት።

መንገድ ዳር ቆመው ይሞክሩት። በግራ የሚያልፍ መኪና ከውስጡ ስፖኪዮ መውጣት ሲጀምር አፍንጫው በግራው መግባት አለበት፤ ከግራው ሳይወጣ ደግሞ በዓይንዎ ጥግ ይታይ። ከውስጡ ወጥቶ በግራው ለመታየት ከዘገየ ስፖኪዮው ከመጠን በላይ ተከፍቷል። ከግራው ወጥቶ በዓይንዎ ጥግ እስኪመጣ ከጠፋ ደግሞ ጠቧል። ሞተር ሳይክል ግን ትንሽ ክፍተት ይበቃዋል፤ ስለዚህ ረድፍ ሲቀይሩ ውስጡን፣ ከዚያ የጎኑን አይተው ፍሬቻ ያሳዩ፤ መሪውን ከመጠምዘዝዎ በፊት ደግሞ በትከሻዎ በኩል አንዴ ዞር ይበሉ።

ይህ አቀማመጥ የውስጡ ስፖኪዮ ለሚሠራበት መኪና ነው። ሰው ለሞላው ሚኒባስ፣ ለአይሱዙ ወይም ዕቃ እስከ ጣሪያ ለተጫነበት መኪና አይሆንም፤ እዚያ ቀና ብለው ተቀምጠው ከራስዎ መኪና ጎን ቀጭን መስመር እንዲታይ ይተዉ። መኪና ሲያቆሙም የጎንዎ ጠርዝ ካስፈለገዎት ጭንቅላትዎን ማዘንበል ይበቃል።

ስፖኪዮ ተሰርቆ ወይም ተሰብሮ በምትኩ ተራ መስታወት ተቆርጦ ከተገጠመ ግን የቱንም ያህል ቢያዞሩት ጠባብ ነው። የጎን ስፖኪዮ ብዙውን ጊዜ መሃሉ ወደ ውጭ የጎበጠ ነው፤ ሰፊ ቦታ ያሳያል፣ መኪናውን ግን አሳንሶና አርቆ። ለመለየት ቀጥ ያለ የካርድ ጠርዝ መስታወቱ ላይ ያቁሙ፤ መሃሉ ነክቶ ጫፎቹ ላይ ብርሃን ካሳለፈ የጎበጠ ነው። አንዱ ጎን የጎበጠ፣ ሌላው ተራ ከሆነ ያው መኪና በአንዱ ሩቅ፣ በሌላው ቅርብ ይመስልዎታል። ርቀቱን በውስጡ ስፖኪዮ ይመዝኑ፤ እሱ ጠፍጣፋ ስለሆነ አያሳንስም።