የህንድ ማሳላ ሻይና የፊልተር ቡና፦ ቤት ውስጥ ሲበላሽ ምክንያቱና መፍትሄው

ማሳላ ሻይ አልጣፍጥ ሲል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያደርገው ቅመም መጨመር ነው። በነጋታው ደግሞ ይጨምራል። ጉሮሮ የሚቧጥጥ እስኪሆን ተጨምሮበትም የሚፈለገው ጣዕም አይመጣም፤ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነውና። ምኑ ቀድሞ ድስት ውስጥ ገባ? ምን ያህልስ ፈላ? የደቡብ ህንዱ የፊልተር ቡናም ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወቀሰው ፍሬው ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚያበላሸው ግን አፈጫጨቱ ነው። ስለዚህ ቅመም ወይም ቡና ከመጨመራችሁ በፊት ምልክቱን ተመልከቱ።

ለማመሳከሪያ የሚሆን የሁለት ሰው ሻይ ይኸውና፦ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ሻይ ቅጠል፣ አራት ፍሬ ሄል፣ የአውራ ጣት አንጓ የሚያህል ዝንጅብል፣ ሁለት ቅርንፉድ፣ ትንሽ ስባሪ ቀረፋ፣ ሦስት አራት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ። ቅመሙ ሸርከት ተደርጎ ከዝንጅብሉ ጋር በውኃው 5 ደቂቃ ይፈላል፤ ሻይ ቅጠሉ ይገባና 2 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ ወተቱ ይጨመራል። ወተቱ ከፍ እያለ ሲመጣ እሳቱን እየቀነሳችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ታስነሱታላችሁ። ህንድ ውስጥ እያንዳንዱ ቤት የራሱ አሠራር አለው፤ ጉጃራት ውስጥ ናዕናና ጠጅ ሳር የሚጨምሩ አሉ፣ ሌላው እንስላል ይወዳል። ቅመሙን እንደ ፍላጎታችሁ ቀያይሩት፤ ቅደም ተከተሉን ግን አትንኩት።

ወተቱ ተቆራረጠ፣ አይብ አይብ መሰለ

ከሁሉም በላይ ሰው የሚማረርበት ይህ ነው፤ ዋናው ተጠያቂም ጥሬ ዝንጅብል ነው። ዝንጅብል ውስጥ ዚንጂቤይን የሚባል ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም አለ። ጥሬውን ዝንጅብል ለብ ያለ ወተት ውስጥ ስትከቱት ኢንዛይሙ የወተቱን ፕሮቲን ይቆርጠዋል፣ ወተቱም ይረጋል። በደቡብ ቻይና በጓንግዶንግ ሆን ብለው ሞቅ ያለ ወተት በዝንጅብል ጭማቂ ላይ በማፍሰስ እንደ እርጎ የረጋ ጣፋጭ ይሠሩበታል። ለሻይ ግን ይህን አንፈልግም። መፍላት ኢንዛይሙን ይገድለዋል፤ ስለዚህ ዝንጅብሉ ሁልጊዜ ቀድሞ በውኃ ይፍላ፣ ወተቱ የሚገባው ውኃው እየተንተከተከ ሳለ ይሁን። ወተቱን ቀድማችሁ ጥዳችሁ ዝንጅብሉን ከላይ መፈቅፈቅ ግን ወተቱን ማርጋት ነው።

ዝንጅብሉ በደንብ ፈልቶም ወተቱ ከተቆራረጠ ወተቱን ራሱን ጠርጥሩ። ከከብት አርቢ የተገዛ ጥሬ ወተት ጠዋት ታልቦ ከሰዓት በኋላ ሲጣድ በአፍ ሳይታወቅ ኮምጠጥ ማለት ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ሁለት ማንኪያ ወተት ለብቻው በትንሽ ድስት አፍሉ፤ እሱ ከተቆራረጠ ሻዩ ምንም አላጠፋም።

ሦስተኛው ምክንያት ጃገሪ ነው፤ ከሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ተንተክትኮ የሚረጋው ቡናማ ስኳር። አንዳንዱ ጃገሪ ኮምጠጥ ያለ ስለሆነ ከወተት ጋር ሲፈላ ይቆራርጠዋል። እሳቱን አጥፉ፣ ሻዩን አጥልሉ፣ ጃገሪውን በመጨረሻ አሟሙበት። በነጭ ስኳር ይህ ችግር አይመጣም።

አንዴ የተቆራረጠ ሻይ አይመለስም። ማጥለል መልኩን ያሻሽለው ይሆናል እንጂ ጣዕሙን አያድነውም። ድፉትና ድስቱን አጥባችሁ እንደገና ጀምሩ።

ቅመሙ ይሸታል፣ ሲጠጣ ግን የለም

ሙሉ የሄል ፍሬ ሳይሰነጠቅ ከገባ ሽፋኑ ብቻ ይቀቀላል፤ ጣዕሙ ያለው ውስጥ ባሉት ጥቁር ፍሬዎች ነው። በሙቀጫ አንድ ሁለቴ መታ መታ ማድረግ በቂ ነው። ተፈጭቶ ለወራት የተቀመጠ ቅመም ከሆነ ደግሞ መዓዛው በኖ አልቋል፤ እሱን በእጥፍ መጨመር ሻዩን ያሻክረዋል እንጂ አያሸተውም። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት መውቀጥ ይሻላል።

ሌላው ምክንያት በምግብ አሠራር መጻሕፍት ላይ የማይነሳ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ውኃዋ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ከዚያም ዝቅ ይላል። ሙምባይ ወይም ቼናይ በባሕር ዳርቻ የተጻፈ «5 ደቂቃ አፍሉ» የሚል መመሪያ እኛ ዘንድ እኩል አይሠራም፤ ድስቱ እየተንተከተከ ቀረፋውና ቅርንፉዱ ገና አልወጡም። በደጋ ከተማ ከሆናችሁ ቅመሙን ከድኑና 8 ደቂቃ ያህል አፍሉት፤ ሻይ ቅጠሉንም አንድ ደቂቃ ጨምሩለት። ዱባይ ወይም ቤይሩት ያላችሁ ይህን እለፉት።

ሄል ደግሞ ለብቻው ይታሰብ። መዓዛው ቶሎ ይበናል፤ ሲፈላ ቤቱን የሚያውደው ሽታ ከብርጭቆው የጎደለው ነው። ግማሹን ከሌላው ቅመም ጋር፣ ግማሹን ወተቱ ከገባ በኋላ መጨመር ለውጡ ትልቅ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትሞክሩ ከሆነ ይህን ሞክሩ።

ምላስ ያደነዝዛል፣ መድኃኒት መድኃኒት ይላል

ቅርንፉድ በዝቷል። በቅርንፉድ ውስጥ ያለው ዩጂኖል የጥርስ ሐኪሞች ለሕመም ማስታገሻ የሚጠቀሙበት ነው፤ ሲበዛ ምላስን ያደነዝዛል። እኛ ቤት ያለ ወተት የሚፈላው የቅመም ሻይ ቅርንፉድና ቀረፋ ይበዛበታልና እጃችን ከዚያ ልማድ አይወጣም። ለማሳላ ሻይ የሚመሩት ሄልና ዝንጅብል ናቸው፤ ቅርንፉድ ለአንድ ሰው አንድ ፍሬ ይበቃል።

በሄል ፋንታ ኮረሪማ የገባበት ሻይም ይህን ስሜት ይሰጣል። ዘመዳሞች ቢሆኑም ኮረሪማ ካምፎር ካምፎር የሚል ጠንካራ ጠረን አለው፣ የሄልን ጣፋጭነት አይተካም። ኮረሪማ ከቡና ጋር ወደር የለውም፤ ለዚህ ሻይ ግን ትንሿን አረንጓዴ ሄል ፈልጉ።

አፍ ያደርቃል፣ ይመራል

ሻይ ቅጠሉ ከወተቱ በፊት ብዙ ፈልቷል። ታኒን የሚባለው አፍ የሚያደርቅ ነገር በቆየ ቁጥር ይወጣል። የወተቱ ፕሮቲን ከታኒኑ ጋር ይያያዝና ያለሰልሰዋል፤ ለዚህ ነው ወተቱ የሚዘገየው በደቂቃዎች ብቻ መሆን ያለበት። ስኳር መጨመር ምሬቱን ይሸፍናል፣ መድረቁን ግን አያጠፋም። ጠንከር ያለ ሻይ ከፈለጋችሁ ጊዜውን ሳይሆን ቅጠሉን ጨምሩ።

መልኩ ገርጥቷል፣ ወተት ብቻ ይመስላል

ህንዶች ለዚህ የሚጠቀሙት በአብዛኛው ሲቲሲ የሚባለውን፣ በማሽን ተቆርጦ፣ ተቀድዶና ተጠቅልሎ ደቃቅ እንክብል የሆነ ሻይ ነው፤ አሳም ውስጥ በ1930ዎቹ የተጀመረ አሠራር ነው። ቶሎ ይወጣል፣ ወተት ይችላል። ትልልቅና ረጃጅም ቅጠል ያለው ሻይ በወተት ውስጥ ይጠፋል። ሲቲሲ ካጣችሁ የከረጢት ሻይ ቀድዳችሁ አፍስሱ፤ ውስጡ ያለው ደቃቅ ስለሆነ ጥሩ ይሠራል። አንዱ ከረጢት 2 ግራም ገደማ ስለሚይዝ ለሁለት ሰው ሁለት ወይም ሦስት ያስፈልጋል።

ያዝለገልጋል

የተፈጨ ቀረፋ ነው። ዱቄቱ ሲፈላ ልጋግ ያወጣል፣ በማጥለያም አይያዝም። ስንጥሩን ተጠቀሙ።

በገልፍ አገሮች ካራክ የሚባለውን ወፍራም የወተት ሻይ የምታፈሉ ደግሞ የወተቱን ጣሳ አንብቡ። ካራክ የሚፈልገው ውኃው ተንኖ የወፈረውን፣ ስኳር የሌለበትን የጣሳ ወተት ነው። ጎን ለጎን የሚደረደረው ጣፋጩ ወፍራም ወተት ከገባ ሻዩ ማር ይሆናል፣ ድስቱም ሥር ይዞ ያራል።

የፊልተር ቡና

ታሚል ናዱ፣ ካርናታካና ኬረላ ውስጥ ጠዋት የሚጠጣው ይህ ነው። ባባ ቡዳን የተባለው ሱፊ ከየመን ሰባት ፍሬ ቡና ደብቆ አምጥቶ ካርናታካ በቺክማጋሉር ተራሮች እንደተከለ ይነገራል፤ ወደ የመን የተሻገረው ቡና ደግሞ ከኛ አገር የሄደ ነው። ዕቃው ሁለት ተደራራቢ የብረት ጣሳዎች ናቸው፤ የላይኛው ሥሩ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ ቡናውን የሚጫን እጀታ ያለው ክብ ወንፊትም አለው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቡና ይገባል፣ 150 ሚሊ ሊትር ያህል የፈላ ውኃ ይፈስበታል፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ እየተንጠባጠበ ወፍራም ጥቁር ቡና ይወርዳል። ከዚህ አንድ እጅ፣ ከፈላ ወተት ሁለት ወይም ሦስት እጅ ይቀላቀላል።

አልንጠባጠብ ካለ መጀመሪያ የምታዩት አፈጫጨቱን ነው። ለጀበና የላመ ቡና እዚህ ጭቃ ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍናል። ዱቄቱ በጣት ሲታሽ እንደ ደቃቅ አሸዋ ሊሰማ ይገባል። ቡናው ልክ ሆኖም ካልወረደ ክቡ ወንፊት በኃይል ተጭኖ ይሆናል፤ ማስተካከል እንጂ መርገጥ አያስፈልገውም። ይህም ካልሆነ አየር ነው። ሁለቱ ጣሳዎች በጣም ገጥመው ከተያያዙ ከታች ያለው አየር መውጫ ያጣና ቡናውን ይይዘዋል፤ በጨርቅ ይዛችሁ የላይኛውን በስሱ ነቅነቅ አድርጉት፣ ወዲያው መንጠባጠብ ይጀምራል። ከላይ በኃይል መግፋት ግን አደገኛ ነው፣ የፈላው ውኃ ፈንጥቆ እጅ ያቃጥላል። ከጊዜ በኋላ ቀዳዳዎቹ በቡና ቅባት ይደፈናሉ፤ ባዶውን ጣሳ በጉጠት ይዛችሁ በእሳት ላይ አሳርሩት፣ ሲበርድ በመርፌ ጠራርጋችሁ እጠቡት።

በ5 ደቂቃ ውስጥ ወርዶ ቀጭን ከሆነ የተገላቢጦሹ ነው፤ ሸካራ ተፈጭቷል ወይም ወንፊቱ አልተቀመጠበትም። የወረደውን መልሳችሁ አታፍስሱበት፤ ለዛሬ ወተቱን ቀንሱና ጠጡት፣ ለነገ አፈጫጨቱን ቀይሩ።

ሁሉንም አድርጋችሁ አሁንም የህንዱን ያህል ካልወፈረ የጎደለው ቺኮሪ ነው። የተቆላ የተክል ሥር ነው፤ ካፌይን የለውም፣ ጥቁረትና ውፍረት ይሰጣል፣ ውኃውንም ያዘገየዋል። ብዙ ቤት ከመቶ 20 ያህል ይቀላቅላል። ካላገኛችሁ በተቆላ ገብስ አትተኩት፤ ቡናውን በአንድ ማንኪያ ጨምሩ እንጂ።

ከወተት ጋር የሚኮመጥጥ ከሆነ አቆላሉን ተመልከቱ። እጥብ ይርጋጨፌ ቀለል ብሎ ተቆልቶ ለብቻው ሲጠጣ ድንቅ ነው፤ የፈላ ወተት ሲገባበት ግን ኮምጣጣነቱ ብቻ ይቀራል። ጠቆር ብሎ የተቆላ፣ ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና ይሻላል።

ጥሩ ወርዶ የማረረ ጣዕም ካመጣ እሳት ላይ መልሳችሁታል። የወረደው ቡና እንደገና አይፈላም። ከቀዘቀዘ ጣሳውን የፈላ ውኃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ወይም ወተቱን በጣም አፍልታችሁ ስኒውን አሙቁ።

ፊልተሩ የሌላችሁ በእሳት ላይ በምትጣደው የጣሊያን ሞካ ሥሩ። የአቦል ጀበና ቡናም ውኃውን በግማሽ ቀንሳችሁ፣ በደንብ ካሰከናችሁት ይሆናል፤ ግን አተላው ወተት ውስጥ እንዳይገባ አጥልሉት። አረፋ አልወጣ ካለ ሙሉ ስብ ያለው ወተት ይዛችሁ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ከፍ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ገልብጡት፤ ስልባቦቱን አስቀድማችሁ አንሱለት።

በጾም

የአኩሪ አተር ወተት በቡና ውስጥ ሲቆራረጥ ምክንያቱ የቡናው ኮምጣጣነት ከሙቀቱ ጋር ተደምሮ ነው። ጠቆር ያለ ቡና ምረጡ፣ ቡናው ትንሽ ይብረድ፣ ወተቱ ለብቻው ይሙቅ፣ ከዚያ ቡናውን ወደ ወተቱ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ለማሳላ ሻይ የለውዝ ወተት ይበልጥ ይስማማል ባይ ነኝ፤ ቅመሙን በደንብ ይሸከማል። ነገር ግን ሥር ይይዛልና እሳቱ ይቀንስ፣ ማማሰሉም አይቋረጥ።

ሱኩ ካፒ ሲያቃጥል ወይም ሲጎረብጥ

ታሚሎች ለጉንፋን የሚጠጡት ያለ ወተት የሚፈላ ነው፤ ደረቅ ዝንጅብል፣ ድንብላል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የዘንባባ ጃገሪ፣ አንዳንዴም ትንሽ ቡና። ጉሮሮ ካቃጠለ የእርጥብ ዝንጅብሉን መጠን በደረቁ ለክታችኋል፤ ዝንጅብል ሲደርቅ ውስጡ ያለው ጂንጀሮል ይበልጥ ወደሚያቃጥለው ሾጋኦል ይለወጣል። ለሁለት ብርጭቆ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ይበቃል። ሣር ሣር ካለ ድንብላሉ ሳይታመስ ገብቷል። ከጎረበጠ ደግሞ እሳቱን አጥፍታችሁ ለሁለት ደቂቃ አስክኑት፣ ከዚያ በነጠላ ጨርቅ አጥልሉት፤ የሻይ ማጥለያ ደቃቁን ዱቄት አይዘውም።