የሰንበቴ ተራ ሲደርስ፦ ሥራውን ቅዳሜ ጨርሶ እሑድን ማረፍ

ሰንበቴ፣ ማለትም አባላቱ በየተራ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚያበሉበት ማኅበር፣ ምግብ አንሶ ሲበላሽ እምብዛም አይታይም። የሚበላሸው ተረኛዋ እሑድ ጠዋት ምድጃ ሥር ስትገኝ፣ ቅዳሴው ሲያመልጣት፣ ደጀ ሰላም የተቀመጡት ነዳያን ደግሞ አባላቱ ከጠገቡ በኋላ ፍርፋሪ ሲደርሳቸው ነው። ለዕረፍትና ለምጽዋት የቆመ ማኅበር የደከመ ባለቤትና የተረሳ ድኻ ይዞ ከዋለ ስሙ ብቻ ቀረ ማለት ነው። እዚህ የሚቀርበው አሠራር ለ80 ሰው ያህል የታሰበ ነው፦ ዳቦ፣ ጠላና ቆሎ። ወጥ ሆን ተብሎ ቀርቷል። ወጥ እሑድ ጠዋት መሞቅ አለበት፤ መሞቅ ካለ ደግሞ ከምድጃ የማይለይ ሰው አለ።

ቁጥሩን መወሰን

አባላቱንና ካህናቱን መቁጠር ቀላል ነው። የሚረሱት ነዳያንና የአብነት ተማሪዎች ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑን ዘበኛ በተራ እሑድ ደጁ ላይ ስንት ሰው እንደሚቀመጥ ይጠይቁት፤ ከሙሴው፣ ከማኅበሩ መሪ ይልቅ እሱ ያውቃል። እሑዱ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም ወይም 23 ጊዮርጊስ ላይ ከዋለና ታቦቱ የአጥቢያው ከሆነ ቁጥሩን እጥፍ ማድረግ ነው። ባሕር ዳርና ዙሪያዋ የአብነት ትምህርት ቤት የሞላበት አገር ስለሆነ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ የሚመጡ ተማሪዎች መቼም አይጠፉም። እነሱን እንደ ድንገተኛ እንግዳ ሳይሆን እንደ አባል ይቁጠሯቸው።

ገንዘቡ ካልበቃ አይበደሩ። ከሌላ ተረኛ ጋር ተጣምሮ ማውጣት ይቻላል፤ ይህን ለሙሴው መንገር የሚያሳፍር ነገር የለውም። ቢራና ለስላሳ በሳጥን መደርደርም ባይለመድ ይሻላል። ዛሬ ሦስት ሳጥን የገባበት ሰንበቴ ቤት ውስጥ በቀን ሥራ የሚያድር ቀጣይ ተረኛ እንቅልፍ ያጣል፤ ከዓመት በኋላም ከማኅበሩ ቀስ ብሎ ይወጣል።

ጠላው

10 ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ ለእሑድ እንዲደርስ ካለፈው ሳምንት ሐሙስ ይጠነስሱት። ጥንስሱ ሦስት ቀን፣ ቂጣውና ብቅሉ ገብቶ ሁለት ቀን፣ አሻሮው ተጨምሮ ድፍድፉ ሦስት ቀን፣ ውሃ ተሞልቶ ጋኑ ተከድኖ ሁለት ቀን። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ግን ቶሎ ይደርሳል፣ ቶሎም ይሆመጥጣል፤ ያን ጊዜ አንድ ቀን ዘግይቶ መጀመር ነው። እህሉ ዳጉሳ ቢሆን ደስ ይላል፣ ጌሾው ደግሞ የዘጌ። ዘጌ ከቡናዋ ቀጥሎ የምትታወቀው በጌሾዋ ነው። ጋኑ በግራዋ ታሽቶ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። የሚሞላው ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። 40 ሊትር ለ80 ሰው ይበቃል።

ጠመቃ የማያውቅ ሰው ሰንበቴ ላይ አይለማመድ። ከጠማቂ ማዘዝ ይቀላል። ለልጆችና መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች ቅዳሜ ማታ 1 ኪሎ ማር በ6 ሊትር ውሃ በጥብጦ ብርዝ ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ ከዚያ ቀድሞ ከተበጠበጠ ግን መፍላት ይጀምርና ብርዝነቱ ይቀራል።

ዓርብ የሚያልቁ ሥራዎች

ቀዳሚት ሰንበትም ሰንበት ናት። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ብዙ ዘመን የተሟገቱላት፣ በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ፊት ከእሑድ ጋር እንድትከበር የተወሰነላት ቀን ናት። የንጉሡ አፅም እዚሁ ጣና ላይ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም እንዳለ ይነገራል። ስለዚህ እህል ማስፈጨት፣ እንጨት መፍለጥ፣ ልብስ ማጠብ፣ ጋን ማጓጓዝ ሁሉ ዓርብ ይለቅ። የባሕር ዳር ትልቁ ገበያ ቅዳሜ መዋሉ ፈተና ነው፤ «ጠዋት ወጣ ብዬ ዱቄት ልግዛ» ያለ ሰው እኩለ ቀን ላይ ነው የሚመለሰው። ቆሎውም ዓርብ ይቆላ፣ 6 ኪሎ ገብስና ሽምብራ ተቀላቅሎ። ንፍሮ አይመከርም፤ ቅዳሜ ማታ የተቀቀለ ንፍሮ በዚህ አገር ሙቀት እሑድ ረፋድ ላይ መሽተት ይጀምራል።

ፍልጡና ጋኑ የወንዶች ሥራ ነው፤ ዳቦ መገልበጡም እንዲሁ። ተራው የቤተሰቡ እንጂ የሚስት ብቻ አይደለም።

ዳቦው

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ለ80 ሰው 12 ኪሎ ዱቄት፣ ማለትም ባለ 3 ኪሎ አራት ድፎ ያስፈልጋል። ግማሹ ፉርኖ፣ ግማሹ የወፍጮ ስንዴ ይሁን። ፉርኖ ብቻ ከሆነ በማግሥቱ ይደርቃል፤ የወፍጮው ብቻ ከሆነ ደግሞ ይከብዳል። ለእያንዳንዱ ድፎ 1.8 ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ አንድ ጭልፋ ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ይገባል። ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይግባ። ጾም ቢሆንም ባይሆንም ማንም ሳይጠይቅ የሚበላው ዳቦ ይሻላል።

ስህተቱ የሚጀምረው ከእርሾው ነው። ደጋ ያደገ ሰው ዓርብ ማታ አቡክቶ ማሳደር ለምዷል። ጣና ዳር ሌሊቱም ይሞቃል፤ ሙሉ እርሾ የገባበት ሊጥ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሳይሆን ገንፍሎ ይወጣል፣ ሲነጋ ወርዶና ሆምጥጦ ይገኛል። የወረደ ሊጥ ተመልሶ ቢቦካም ዳቦው ድፍን ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት አቡክቶ፣ ለ3 ኪሎው 2 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ አድርጎ፣ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ኩፍ እስኪል መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ማሳደር የግድ ከሆነ እርሾውን ወደ ግማሽ ማንኪያ ዝቅ ማድረግና በቀዝቃዛ ውሃ ማቡካት ነው። የሚመረጠው የመጀመሪያው ነው። ሊጡ መድረሱን በጣት ጫን አድርገው ይዩት፦ ጉድጓዱ ቀስ እያለ ከሞላ ደርሷል፤ ወዲያው ከሞላ ገና ነው፤ ጨርሶ ካልሞላ አልፎበታል።

ቅጠሉ የሙዝ ይሁን፤ በየጓሮው አለ። ጥሬውን ካነጠፉት ይሰነጠቅና ሊጡ ከምጣዱ ጋር ይያያዛል። እሳት ላይ ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ቢያሳልፉት ቀለሙ ይጠቁራል፣ እንደ ጨርቅም ይተጣጠፋል። የመሐል አጥንቱ በቢላ ይላጥ። ሁለት ሦስት ቅጠል አደራርበው ያንጥፉ፣ ሊጡን ከሦስት ጣት ውፍረት ሳያሳልፉ ይዘርጉት፣ ከላይ ሌላ ቅጠል ያልብሱትና ይክደኑት።

እሳቱ ከመጀመሪያው ደከም ያለ ይሁን። ጥሬ መሐል ያለው ዳቦ ሁሉ መነሻው ኃይለኛ እሳት ነው፦ ሥሩ ቶሎ ይጠነክራል፣ ቀለሙ የበሰለ ያስመስለዋል፣ መሐሉ ግን ሊጥ ነው። ከ40 ደቂቃ በኋላ የላዩን ቅጠል ገለጥ አድርገው በእጅ ይንኩት። የማይጣበቅ ከሆነ ይገለበጣል፤ ከተጣበቀ 10 ደቂቃ ይታገሱ። የሚገለበጠው በሁለት ሰው ነው፦ ሰፌድ ከላይ ገጥሞ፣ ምጣዱን ከነሰፌዱ አዙሮ፣ ከሰፌዱ ወደ ምጣዱ ማንሸራተት። ብቻውን የሚገለብጥ ሰው ዳቦውን ለሁለት ይሰብረዋል። ከተገለበጠ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ሥሩን በጣት ሲያንኳኩት እንደ ባዶ ዕቃ ከጮኸ በስሏል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ እሳቱን ለመቆጣጠር ይመቻል፤ ነገር ግን ግማሽ የበሰለ ዳቦ ላይ መብራት ከጠፋ መዳኛ የለውም። የተቀጣጠለ ከሰል በአጠገብ ይኑር፤ መብራቱ ሲሄድ ዳቦው ከነቅጠሉ ወደ ብረት ምጣድ ይተላለፍ። «ይመጣል» ብሎ መጠበቅ ዳቦውን ያበላሻል።

የወጣው ዳቦ ቅጠሉ ተገፎ ሰፌድ ላይ ይቀዝቅዝ፤ ከሥሩ አየር እንዲገባ ሁለት እንጨት ጣል ያድርጉ። ትኩሱን ከሸፈኑት ያልበዋል፣ ትኩሱን ከቆረሱት ደግሞ ሊጥ ይመስላል። ሲበርድ በነጭ ጨርቅ ይሸፈን።

ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ ማቆም

በሁለት ምጣድ ከተሠራ አራቱ ድፎ 6 ሰዓት አካባቢ ያልቃል። ከባዱ ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ባያዳርስስ?» የሚል ሐሳብ ይነሳል። አንድ ድፎ ይጨመራል፣ ከዚያ ሽሮ ይታሰባል፣ ከዚያ «ለካህናቱ ለብቻ» የሚል ይመጣል፤ እኩለ ሌሊትም ምድጃው አልጠፋም። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እያንቀላፋ የሚቆመው ይህ ቤት ነው።

በእግዚአብሔር መታመን የሚባለው ነገር በሰንበቴ ቤት ሲተረጎም በተወሰነ ሰዓት እሳት ማጥፋት ነው። ለእስራኤል በምድረ በዳ በስድስተኛው ቀን እጥፍ መና ይሰበሰብ ነበር፤ በሰባተኛው ቀን ሊለቅሙ የወጡት ግን ምንም አላገኙም። ለሥጋቱ ልክ ያብጁለት፦ ከቁጥሩ በላይ አንድ ድፎ፣ ከዚያ በላይ ምንም። 10 ሰዓት ላይ ምድጃው ይጥፋ፣ ዱቄቱ ይታሰር፣ የወጥ ቤቱ በር ይዘጋ። ያልተሠራው አልተሠራም። ለቤቱ ሰው ሁሉ ይህን ሰዓት ከረቡዕ ጀምሮ መንገር ይጠቅማል፤ በዕለቱ ከተነገረ እናት አትሰማም።

ከዚያ ገላ መታጠብ፣ ለሠርክ ጸሎት መሄድ ወይም ቤት ውስጥ ውዳሴ ማርያም መድገም፣ ቀደም ብሎ መተኛት። ስልኩን ሌላ ክፍል ማሳደር ከሁሉም በላይ ይረዳል፤ የሰንበቴ ጥሪ የሚያስታውስ ደዋይ ቅዳሜ ማታ አይጠፋምና።

እሑድ

ዕቃው ከቅዳሴ በፊት ሰንበቴ ቤት ይግባ፣ ከዚያ ሁሉም ሰው ያስቀድስ። ጠባቂ አያስፈልግም፤ በሩ ይቆለፋል።

ቅዳሴ ሲወጣ ቄሱ ጸልየው ዳቦውን ባርከው ይቆርሳሉ። ወዲያው፣ ለአባላቱ ከመታደሉ በፊት፣ የነዳያኑ ድርሻ ይነሳ፦ ከአራቱ ድፎ አንድ ሙሉ፣ ከጠላውም እንዲሁ። በኋላ ከተረፈው ይሰጣል የተባለ ድርሻ አይተርፍም። ቦታ ካለ ውስጥ አግዳሚው ላይ ያስቀምጧቸው፤ ከሌለም በዚያው ዓይነት ብርጭቆ፣ ከዚያው ዳቦ ይስጧቸው። ለአባላት ብርጭቆ፣ ለነዳያን የላስቲክ ኩባያ የሚያቀርብ ሰንበቴ ምን እያለ እንደሆነ ነዳያኑ አይጠፋቸውም። እጅ ማስታጠቡ ከእነሱ ይጀምር። ጥርስ ለሌላቸው ከመሐሉ ለስላሳውን መቁረስ፣ ዓይነ ስውር ለሆነ ሰው ብርጭቆውን እጁ ላይ አስይዞ «ጠላ ነው፣ ሙሉ ነው» ማለት ያስፈልጋል። ስም መጠየቅም መልካም ነው፤ በሚቀጥለው እሑድ በስሙ የተጠራ ሰው ፊቱ ይለያል። ፎቶ አይነሣ።

የቆረቡና ከትናንት ጀምሮ ያልቀመሱ ሰዎች ጠላ አይቅደምባቸው። 18 ሰዓት ባዶ በቆየ ሆድ ላይ የገባ ጠላ ራስ ያዞራል። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ዳቦ፣ ከዚያ ጠላ። በተለይ ለሽማግሌዎች ይህን ቅደም ተከተል አያዛቡ።

ይዘው መሄድ ለሚፈልጉ ዳቦውን በፌስታል አይቋጥሩላቸው፤ በሙቀት ያልበዋል፣ ማክሰኞ ሳይደርስ ይሻግታል። በወረቀት መጠቅለል ይሻላል።

ከሰንበቴው በኋላ

ብርጭቆውና ጋኑ ውሃ ተሞልቶባቸው ይደሩ፤ የሚታጠቡት ሰኞ ነው። ከሰዓት በኋላው የዕረፍት ነው፦ መተኛት፣ ወደ ጣና ዳር ወጣ ብሎ መቀመጥ፣ የታመመ መጠየቅ። ዳቦ ከተረፈ ሆስፒታል በር ላይ ከገጠር መጥተው የሚያስታምሙ ሰዎች አሉ፤ ለታማሚው ምግብ ሲያፈላልጉ ራሳቸው ሳይበሉ የሚውሉ ናቸው። ታማሚ ጋ ሲገቡ ከሩብ ሰዓት በላይ አይቆዩ፣ ስለ በሽታው አይመርምሩ፤ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎ፣ ለአስታማሚው ምን እንደጎደለ ጠይቆ መውጣት ይበቃል።

ለቀጣዩ ተረኛ ሲያስረክቡ አንድ ቁራጭ ወረቀት ይጨምሩ፦ ስንት ሰው መጣ፣ ስንት ነዳያን፣ ዳቦው ስንት ተረፈ፣ ጠላው የት ላይ አለቀ፣ የተዋሱት ብርጭቆ የማን ነው። የብርጭቆው ነገር ከተረሳ ጎረቤት ይጣላል።