የመጀመሪያ ዲግሪ ማመልከቻ በአዲስ አበባ፦ ከውጤት ማግስት እስከ ሬጅስትራር መስኮት

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ከ4 ኪሎ እስከ 6 ኪሎ ባሉ ኮፒ ቤቶች ደጃፍ ሰልፍ አይጠፋም። ሁሉም የሚያወራው ስለ ነጥብ ነው። ነጥቡ ግን አንዴ ወጥቷል፤ በዚያ ሳምንት በእጃችሁ ያለው ወረቀቱ ነው። በቂ ነጥብ ይዞ የሚመለስ ማመልከቻ ቢመረመር፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ እርስ በርሱ የማይስማማ ወረቀት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ወረቀቱ ላይ ይበረታል።

የትኛው በር

የዩኒቨርሲቲ መግቢያ በብሔራዊ ፈተናው ግማሽና ከዚያ በላይ ማምጣት ነው፤ ከ600 ከሆነ 300። ከዚያ በታች ያመጡት በየዓመቱ በሚወሰነው ነጥብ መሠረት ሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ይገባሉ፤ እሱን ሳያልፉ ወደ ዲግሪው መሻገር የለም።

መደበኛውን ምደባ የሚሠራው 4 ኪሎ ያለው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ተማሪው የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን በቅደም ተከተል በኦንላይን ይሞላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግን ከ2016 የትምህርት ዘመን ወዲህ ራስ ገዝ ነው። በራሱ ፖርታል አመልካች ይቀበላል፣ የራሱን የመግቢያ ፈተናም ይሰጣል። የሚኒስቴሩን ምርጫ ሞልቶ «ለ6 ኪሎም አመልክቻለሁ» ብሎ መቀመጥ የተለመደ ስህተት ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፣ ቀናቸውም ይለያያል። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የራሳቸው መግቢያ ፈተና ስላላቸው ማስታወቂያቸውን ለብቻ ተከታተሉ።

ካምፓሱንም እዩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ 6 ኪሎ ነው፤ ተፈጥሮ ሳይንስ 4 ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ 5 ኪሎ፣ አርክቴክቸርና ሕንፃ ልደታ። የእንስሳት ሕክምና የመረጠ ሰው የሚማረው ቢሾፍቱ እንደሆነ አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው። ሙዚቃና ሥነ ጥበብ ለሚፈልጉ ደግሞ የተሰጥኦ ፈተና አለ፤ ነጥብ ብቻ አያስገባም።

የግል ኮሌጅ ከሆነ አንድ ነገር ሳታጣሩ ገንዘብ አትክፈሉ፦ የዕውቅና ፈቃዱን። ፈቃዱን የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ የሚሰጠውም ለተቋሙ በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። አንድ ኮሌጅ ሜክሲኮ ባለው ቅርንጫፉ አካውንቲንግ ለማስተማር ተፈቅዶለት፣ ፒያሳ ባለው ላይሆን ይችላል። «ዕውቅና አለን» ሲሏችሁ ደብዳቤውን አሳዩን በሉ፤ የመስኩን ስም፣ የካምፓሱን አድራሻ፣ የቀን ይሁን የማታ መሆኑን፣ የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ። «በሂደት ላይ ነው» ማለት ዛሬ የለም ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ማንኛውም ተመራቂ የመውጫ ፈተና ስለሚቀመጥ፣ ፈቃድ በሌለው መስክ ዓመታትን የጨረሰ ተማሪ የት እንደሚቆም አስቡት።

ስም

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አራት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርጉ፦ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት፣ ፋይዳ፣ የልደት ምስክር ወረቀት። የእናንተን፣ የአባታችሁንና የአያታችሁን ስም ፊደል በፊደል አነጻጽሩ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም።

በአማርኛ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» መለያየቱን የሚታገስ አለ። ጣጣው እንግሊዝኛው ላይ ነው። «ጸጋዬ» ፋይዳው ላይ በ«ቲ ኤስ»፣ ውጤቱ ላይ በ«ቲ» ብቻ ይጀምራል፤ «ወልደማርያም» አንዱ ላይ አንድ ቃል፣ ሌላው ላይ ሁለት ቃል ሆኖ፣ ሁለተኛው ቁራጭ የአያት ስም ይመስላል። ሰው ሲያየው ያው ነው፤ ኮምፒዩተር ግን ሁለት ሰው አድርጎ ያነበዋል።

ታዲያ የትኛው ወደ የትኛው ይስተካከል? ልዩነቱ የአጻጻፍ ብቻ ከሆነ መልሕቁ የብሔራዊ ፈተናው ውጤት ይሁን፤ ለማስቀየር ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነውና። ለማስተካከል ቀላሉ ትራንስክሪፕቱ ነው፤ ትምህርት ቤቱ እንደገና አትሞ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም ሊያደርግበት ይችላል። ስሙ ራሱ የተለየ ከሆነ፣ ለምሳሌ በአባት ስም ፋንታ የእንጀራ አባት ስም ከገባ፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ ላይበቃ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የፍርድ ቤት ወረቀት ይጠየቃል። ይህ በሁለት ቀን የሚያልቅ ጉዳይ ስላልሆነ ውጤት ሳትጠብቁ ጀምሩት።

የልደት ቀን

ፎርሙ የልደት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ሲጠይቅ ብዙዎች ዓመቱ ላይ በደፈናው 8 ደምረው፣ ወርና ቀኑን እንዳለ ይተዋሉ። ይህ ስህተት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ የሚደመረው 7 ነው፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ 8 (በአንዳንድ ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ይገፋል)። ኅዳር 12 ቀን 1999 የተወለደ ሰው ኖቬምበር 21 ቀን 2006 ይላል፤ መጋቢት 12 ቀን 1999 የተወለደ ደግሞ ማርች 21 ቀን 2007። አስልታችሁ ያገኛችሁት ፋይዳ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ፣ ፎርሙ ላይ አዲስ ቀን አትፍጠሩ፤ መጀመሪያ የተሳሳተውን ወረቀት አስተካክሉ።

ትራንስክሪፕትና ስካን

ትምህርት ቤት የቀየረ ተማሪ አራቱም ዓመት መሟላቱን ይይ። የ9ኛ ክፍል ዓምድ ባዶ የሆነ ትራንስክሪፕት የተለመደ ነው፤ የድሮው ትምህርት ቤት ካልላከ አዲሱ ከየት ያመጣዋል? ክረምት ላይ ሪከርድ ክፍሉ ዕረፍት ስለሚወጣ ይህን እስከ ሰኔ መጨረሻ ጨርሱ። ወረቀቱን ሲሰጧችሁ እዚያው መስኮቱ ላይ ቆማችሁ እዩት፦ የርእሰ መምህሩ ፊርማ፣ ቲተር (የስሙና የኃላፊነቱ ማኅተም)፣ ክብ ማኅተም። ማኅተሙ ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ማረፍ አለበት፤ ፎቶውን ብቻ ከመታ ፎቶ የተቀየረ ያስመስላል። ኦሪጅናሉን ላሚኔት አታስደርጉ። ያብለጨልጫል፣ ከጀርባው ማረጋገጫ አይጻፍበትም፣ ማኅተሙም ለምርመራ አይመችም።

በስልክ ስካን የምታደርጉ ከሆነ ፍላሹን አጥፉ፤ ወረቀቱን መስኮት አጠገብ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግታችሁ ከአናቱ ቀጥ ብላችሁ አንሱ። አራቱም ጠርዝ ይታይ። ከዚያ አጉልታችሁ የማኅተሙን ዙሪያ ጽሑፍ አንብቡ፤ እናንተ ካላነበባችሁት መርማሪውም አያነበውም። ፖርታሉ የፋይል መጠን ይወስናል፤ ከልኩ ያለፈ ፋይል አንዳንዴ፣ ፖርታሉ ምንም ሳይል፣ ሳይያያዝ ይቀራል። የፋይሉን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍተት ስጡት።

ፎርሙን መሙላት

አካውንት የሚከፈተው በራሳችሁ ኢሜይልና በእጃችሁ ባለ ሲም ነው። ኮፒ ቤት ሄዶ «ሙላልኝ» ማለት ኃጢአት የለውም፤ ግን ሠራተኛው በራሱ ኢሜይል ከፍቶ፣ የይለፍ ቃሉን ረስቶ፣ የፈተና ቀን ጥሪው እሱ ጋ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ወረፋ ስላለ እያጣደፈ ሊያስገባም ይፈልጋል። የመጨረሻውን ቁልፍ የምትጫኑት እናንተ ሁኑ፤ ከመጫናችሁ በፊት ስምና የመለያ ቁጥሩን አንድ ጊዜ ከወረቀቱ ላይ እያያችሁ አንብቡ። ፋይዳ ሲጠየቅ ደግሞ 12 አኃዝ ያለውና 16 አኃዝ ያለው ቁጥር የተለያዩ ናቸው፤ ፎርሙ የትኛውን እንደሚፈልግ አስተውሉ።

የፖርታሉ አድራሻ «ዶት ኢዲዩ ዶት ኢቲ» ብሎ ማለቁን እዩ። በቴሌግራም የሚላክ ሊንክና «ቦታ አለን፣ ቀብድ ላኩ» የሚል ደላላ አንድ ዓይነት ነገር ነው።

የማመልከቻ ክፍያ በቴሌብር ከሆነ፣ ከማረጋገጣችሁ በፊት የተቀባዩን ስም አንብቡ። ብር ተቆርጦ ፖርታሉ «አልተከፈለም» ቢል ቶሎ ብላችሁ ደግማችሁ አትክፈሉ። በመልእክት የደረሳችሁን የግብይት ቁጥር ይዛችሁ ጥቂት ሰዓት ጠብቁ፤ ካልተስተካከለ በዚያ ቁጥር አመልክቱ። ያለ ቁጥሩ የሚሰማችሁ የለም።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። ማስታወቂያው በአማርኛ «እስከ 11:30» ካለ የእኛ ሰዓት ነው፣ ከቢሮ መዝጊያ ጋር። ፖርታሉ «23:59» ካለ ግን ከሌሊቱ 5:59 ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው በመጨረሻው ቀን ይቀራል። ለነገሩ የመጨረሻው ቀን ምሽት ሁሉም ስለሚገባ ፖርታሉ ይንቀራፈፋል፤ ንጋት 11 ሰዓት ላይ መነሣት ይሻላል።

የመስክ ምርጫ ላይ ብዙ አትቃጠሉ። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርስ ነው፤ ዲፓርትመንት የሚለየው ከዚያ በኋላ፣ በአብዛኛው በግቢ ውጤት ነው።

በውጭ ሥርዓተ ትምህርት የተማሩ ከሁሉ አስቀድመው የአቻ ግምት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያውጡ። ማታ ለመማር የሚያመለክቱ በቴክኒክና ሙያ የመጡ ደግሞ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ማረጋገጫቸው ከሠለጠኑበት መስክ ጋር መግጠሙን ይዩ፤ የአይቲ ሲኦሲ ይዞ አካውንቲንግ መጠየቅ ጥያቄ ያስነሣል።

መስኮቱ ላይ

ስማችሁ ከወጣ በኋላ ለምዝገባ በአካል ትጠራላችሁ። ኦሪጅናሉንና ሁለት ሁለት ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የማመልከቻውን ማረጋገጫ ፕሪንት ይዛችሁ ሂዱ፤ በመንግሥት ወጪ የምትማሩ የወጪ መጋራት ውል ትፈርማላችሁ፣ ቅጹ ላይ የወላጅ ሙሉ ስምና አድራሻ ስለሚጠየቅ ቤት ሳላችሁ ጻፉት። ሬጅስትራሩ ኦሪጅናል ትራንስክሪፕት የሚያስቀር ከሆነ መረከቡን የሚያሳይ ፊርማ ኮፒው ላይ አስደርጉ። ኮፒ ማድረጊያ ግቢ በር ላይ ትልቁ ሰልፍ ያለበት ቦታ ነውና፣ ኮፒውን በዋዜማው ሰፈራችሁ ውስጥ አስደርጋችሁ እደሩ።